ጥያቄና መልስ፦ ስለ ኪሪባስና ስለ መሰሎቿ ዝቅተኛ ደሴቶች

ከዚህ በታች ስለ ኪሪባስ፣ ስለ ቱቫሉ፣ ስለ ማርሻል ደሴቶችና በህንድ ውቅያኖስ ስላለችው ማልዲቭስ የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሉ። ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አብዛኛው ጠያቂ «መቼ ነው የሚሰጥሙት?» ብሎ ይጀምራል። እነዚህ አገሮች ግን ባሕር ሳይውጣቸው በፊት በመጠጥ ውኃ እጦት ሰው አልባ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ውኃው ላይ ሆን ብዬ ሰፋ አድርጌ ጽፌአለሁ።

ጥያቄ፦ ኪሪባስ የት ናት? ካርታ ላይ ብፈልግ ነጠብጣብ እንጂ አገር አላገኘሁም።

መልስ፦ ያዩት ነጠብጣብ ራሱ አገሩ ነው። ኪሪባስ (ሲጻፍ ኪሪባቲ) በሃዋይና በአውስትራሊያ መካከል፣ ከምድር ወገብ በላይና በታች የተበተኑ 33 ደሴቶች ናት። በምዕራብ ጊልበርት የሚባሉት 16፣ በመሃል ፊኒክስ የሚባሉት 8፣ በምሥራቅ ላይን የሚባሉት 8 ሲሆኑ ለብቻዋ የቆመችው ባናባ ስትጨመር 33 ይሞላል። የብሱ ቢደመር 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሕር ክልሏ ግን ወደ 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የኢትዮጵያን ስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሕዝቡ 120 ሺህ ያህል ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚኖረው ደቡብ ታራዋ በምትባለው ቀጭን መሬት ላይ ተጨናንቆ ነው። ቀድሞ ከቱቫሉ ጋር አንድ የእንግሊዝ ግዛት ነበሩ። ቱቫሉ ቀድማ ተለይታ ጥቅምት 1 ቀን 1978፣ ኪሪባስ ደግሞ ሐምሌ 12 ቀን 1979 ነፃ ወጡ።

ጥያቄ፦ አቶል ማለት ምንድን ነው? ተራ ደሴት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። አቶል የኮራል ቀለበት ነው፤ ከውጭ ጥልቅ ውቅያኖስ፣ ከውስጥ ላጉን የሚባል ጸጥ ያለ ባሕር፣ በቀለበቱ ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም የአሸዋ ደሴቶች። ዳርዊን በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ አመጣጡን እንዲህ ገለጸው፦ መጀመሪያ እሳተ ገሞራ ከባሕር ይወጣል፤ በዙሪያው ኮራል ይበቅላል፤ ተራራው ቀስ እያለ ሲሰምጥ ኮራሉ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ብቻ ይቀራል። ማረጋገጫው የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1952 በማርሻል ደሴቶች ኤኔዌታክ ላይ ሲቆፈር ከ1,200 ሜትር በላይ የኮራል ድንጋይ ካለፈ በኋላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተገኘ። ደሴት የሚገነባ ኮራል ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት ብቻ ስለሚኖር፣ ያን ያህል ወፍራም ድንጋይ ሊከመር የሚችለው መሠረቱ ሲሰምጥ ብቻ ነው።

ሰው የሚኖርበት አሸዋ ግን ገና ትናንት የመጣ ነው፤ ብዙው ጥቂት ሺህ ዓመት ቢሆነው ነው። የተሠራውም ከተሰባበረ ኮራልና ፎራሚኒፌራ ከሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት ነው። ይህችን ነገር ይያዙልኝ፤ ስለ መስጠም በሚነሳው ጥያቄ ላይ ታስፈልገናለች።

ጥያቄ፦ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም፣ ዙሪያው ጨው ነው። ታዲያ ሰው ምን ጠጥቶ ነው 2,000 ዓመት የኖረው?

መልስ፦ ከአሸዋው ሥር ያለውን ዝናብ። ዝናቡ በአሸዋው ሰርጎ ሲወርድ ከታች የባሕር ውኃ ያገኛል። የዝናብ ውኃ አንድ ሊትሩ 1 ኪሎ ግራም፣ የባሕር ውኃ ደግሞ 1.025 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቀላሉ በከባዱ ላይ ይንሳፈፋል። ቅርጹ እንደ ምስር ፍሬ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ምስሩ እንለዋለን፤ ከደሴቱ መሃል ወፈር፣ ወደ ዳርቻው ሳሳ ይላል። ከክብደቱ ልዩነት የሚወጣው ስሌት እንዲህ ነው፦ ጨው አልባው ውኃ ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ካለ ከባሕር ወለል በታች 40 ሜትር ይወርዳል።

በአቶል ላይ ግን 40 ሜትር አይደረስም። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ የውኃው ወለል ከባሕር የሚበልጠው በአብዛኛው በጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች ነው። ሁለተኛ፣ ከ15 እስከ 25 ሜትር ጥልቀት ላይ ከደቃቁ አሸዋ ሥር ዋሻ የበዛበት አሮጌ የኮራል ድንጋይ ይገኛል፤ የባሕር ሞላና ጎደል በዚያ ውስጥ እንደልቡ ስለሚመላለስ ውኃውን ይደባልቀዋል። ስለዚህ ጥሩ የሚባለው ቦታ እንኳ 20 ሜትር ያህል ቢይዝ ነው። ወርዱ ከ250 ሜትር በታች የሆነ ደሴት ደግሞ የሚጠጣ ውኃ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው። በታራዋ ዋናው ክምችት ያለው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ቦንሪኪ በሚባለው ሰፊ መሬት ሥር ሲሆን የደቡብ ታራዋ የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ኃይለኛ ፓምፕ መግጠም አይሻልም? እኛ ጋ ውኃ ሲጠፋ ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ነው መፍትሔው።

መልስ፦ ደጋ ላይ የሚያድነው ነገር እዚህ ይገድላል። ቅድም ያልነው ስሌት በተቃራኒውም ይሠራል፦ ፓምፑ የውኃውን ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ቢያወርድ ከታች ያለው ጨው ውኃ ወደ 4 ሜትር ሊወጣ ይሞክራል። በአንድ ነጥብ ላይ ጠንክረው ከሳቡ ጨዉ በቀጥታ ወደ ፓምፑ አፍ ይወጣል። ጉድጓዱ አንዴ ጨው ከገባበት ፓምፑን ማቆም ብቻውን ቶሎ አይመልሰውም፤ ዝናብ አጥቦ እስኪያወርደው መጠበቅ ግድ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ከላይ ከላዩ መግፈፍ ነው። የተበሳሳ ቧንቧ ከውኃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርጎ በአግድም ለብዙ አሥር ሜትሮች ይቀበራል፤ በመሃሉ ባለው ጉድጓድ ላይ አነስተኛ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ይስባል። አንድ ዓይነት መጠን ቢወጣም ጫናው በሰፊ ቦታ ስለሚከፋፈል ጨዉ አይቀሰቀስም። ቁጥጥሩ ደግሞ በምላስ ሳይሆን በመሣሪያ ነው፤ ጨው ሲበዛ የሚጨምረው የውኃው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከ2,500 ማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ፓምፑን መቀነስ ወይም ማቆም ይገባል።

ጨው ብቻ አይደለም ጠላቱ። የቤተሰብ ጉድጓድ ከ2 እስከ 3 ሜትር ነው የሚጠልቀው፤ አሸዋው ቆሻሻ አያጣራም። የጎረቤት መጸዳጃና የአሳማ ማደሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉድጓዱ ይደርሳሉ። በደቡብ ታራዋ የሕፃናት ተቅማጥ ያልቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የጣራ ውኃ ቢጠራቀምስ? ስንት ሊትር ታንክ ይበቃል?

መልስ፦ ስሌቱ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ታራዋ በአማካይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ታገኛለች። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ካለዎት በዓመት 100,000 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈስሰውንና የሚተነውን ሲቀንሱ 80,000 ይበሉት። ችግሩ ያለው አማካዩ ላይ ነው። ላ ኒና፣ ማለትም የመካከለኛው ፓስፊክ ባሕር ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ ሲመጣ በጊልበርት ደሴቶች ዝናብ ለወራት ይጠፋል፤ በ2011 ቱቫሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀችው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ታንክ የሚለካው በድርቁ ርዝመት ነው፦ 6 ሰው በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ቢጠቀም በቀን 120 ሊትር፣ ለ90 ቀን 10,800 ሊትር። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ከተቆጠበ ግማሹ ይበቃል። ከድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያወርድ ወደ ታንኩ መግባት የለበትም። የሳር ጣራ ደግሞ ለማጠራቀም አይሆንም፤ ውኃው ቀለምና ብስባሽ ይዞ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ማዕበል ደሴቱን ቢያጥለቀልቅ ጉድጓዱ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ጨው ውኃ ከላይ ሲገባ ምስሩ ይበላሻል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ወዲያውኑ መደረግ ያለበት በጉድጓዶችና በረባዳ ቦታ የተኛውን የባሕር ውኃ ሳይሰርግ ወደ ባሕር መልሶ መጣል ነው። ከዘገየ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አፈሩ ኮራል አሸዋ ከሆነ ምን ይበቅላል? ሁሉም ሰው ከዓሣ ጋር ምን ይበላል?

መልስ፦ አፈሩ ኖራ ነው ማለት ይቻላል፤ ኮምጣጣነቱ ጠፍቶ ወደ ሌላው ጫፍ የሄደ፣ ብረት፣ ዚንክና ማንጋኒዝ ለተክል የማይሰጥ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ሲቀር የብረት እጥረት ነው። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ዝገት የበላው ቆርቆሮና ጣሳ ከቅጠል ጋር የሚቀብሩት ለዚህ ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ደግሞ ብረት ሰልፌት በውኃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨትን ይመክራሉ፤ አፈር ላይ ከተጨመረ ኖራው ወዲያው ያስረዋል።

በዚህ አፈር ላይ ኮኮነት፣ የዳቦ ዛፍ፣ ፓንዳነስ የሚባለው ባለረጅም ቅጠል ዛፍና አንድ ትልቅ ሥራ ሥር፣ ባባይ፣ ይበቅላሉ። ባባይ ከእኛ ጎደሬ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ግን በጣም ይገዝፋል፣ ቅጠሉ ከሰው ቁመት ያልፋል። አተካከሉ ዓለም ላይ ካየኋቸው የግብርና ጥበቦች ሁሉ የላቀ ነው እላለሁ። መሬቱ ተቆፍሮ የከርሰ ምድሩ ውኃ እስኪታይ ድረስ ይወረዳል፤ ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ የቤት ስፋት ያለው፣ ከ2 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው። ችግኙ በውኃው ውስጥ ይቆማል፤ በዙሪያው ከፓንዳነስ ወይም ከኮኮነት ቅጠል መቀመጫ የሌለው ቅርጫት ይጠለፍለታል። በቅርጫቱ ውስጥ የተመረጡ ዛፎች ደረቅ ቅጠልና ጥቁር አፈር ይሞላል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ይጨመራል፣ ሥሩ ሲገዝፍ ቅርጫቱ በላይ በላዩ ይታከላል። የትኛው ቅጠል በስንት ጊዜ እንደሚገባ ቤተሰቡ የሚደብቀው ዕውቀት ነው። ለድግስ የሚያድገው ዓይነት ለዓመታት ይቆያል፣ ሥሩም በአሥር ኪሎዎች ይመዝናል።

የሚያጠፋው ጨው ነው። የምስሩ ዳር ትንሽ ሲያፈገፍግ ከውቅያኖስ በኩል ያለው ጉድጓድ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሥሩ ከመሃሉ ይበሰብሳል። በደሴቱ ላይ የባሕር ከፍታ መጨመር ቀድሞ የሚታየው እዚህ ነው፤ ቤት ሳይፈርስ፣ መንገድ ሳይጥለቀለቅ።

ጥያቄ፦ ከኮኮነት ዛፍ የሚጠጣ ነገር ይቀዳል ይባላል። እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ካረዌ ይባላል። ከፍሬው ሳይሆን ገና ካልተፈለቀቀው የአበባ እሸት ነው የሚገኘው። እሸቱ እንዳይፈነዳ ከላይ እስከ ታች በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይታጠፋል። ጫፉ ይቆረጣል። ከዚያ ጠዋትና ማታ ዛፉ ላይ ተወጥቶ ከቁራጩ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጥ ይነሳል፤ ካልተነሳ ቁስሉ ይደፈንና ፈሳሹ ይቆማል፣ ወፍሮ ከተነሳ ደግሞ እሸቱ ሳይቆይ ያልቃል። ከሥሩ የተንጠለጠለው ጠርሙስ በቀን 1 ወይም 2 ሊትር ይይዛል። ወንዶቹ ዛፍ ላይ ሆነው ጮክ ብለው የሚዘፍኑት በዚህ ሰዓት ነው።

ትኩሱ ጣፋጭ ነው፣ ቫይታሚን ሲ አለውና አትክልት በሌለበት ደሴት ለልጆች ትልቅ ነገር ነው። ለማቆየት በዝግታ እሳት ይፈላል፤ 5 ወይም 6 ሊትሩ 1 ሊትር ካማይማይ የሚባል ቡናማ ሽሮፕ ይወጣዋል። መጨረሻው ላይ ሳይማሰል ከተተወ አርሮ ይመራል። ትኩሱ ደግሞ ዕቃው በደንብ ካልታጠበ በአንድ ቀን ውስጥ ይብላላና አስካሪ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዓሣውስ? ሁሉም ይበላል?

መልስ፦ አይበላም፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሞተ ኮራል ላይ የሚበቅል ደቃቅ አልጌ መርዝ ያመነጫል፤ ትንንሽ ዓሣዎች አልጌውን፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ሲበሉ መርዙ ይከማቻል። ሲጓቴራ ይባላል። ዓሣው አይሸትም፣ ጣዕሙ አይለወጥም፤ መጥበስም ሆነ ማቀዝቀዝ መርዙን አያጠፋም። ተቅማጥና ማስታወክ ይመጣል፣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እንደሚያቃጥል ይሰማል። ከኮራል አካባቢ የሚያዙ ትልልቅ አዳኞችን፣ በተለይ ባራኩዳና ሞሬይን መተው፣ ጭንቅላት፣ ጉበትና ዕንቁላል አለመብላት ነው መከላከያው። በውቅያኖስ የሚዞረው ቱና ይህ ችግር የለበትም።

ጥያቄ፦ አዲስ ዓመት መጀመሪያ የሚገባው ኪሪባስ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በላይን ደሴቶች፣ አዎ። እስከ 1994 መጨረሻ ዓለም አቀፉ የቀን መለወጫ መስመር አገሪቱን ለሁለት ይከፍላት ነበር፤ በታራዋ ሰኞ ሲሆን በምሥራቁ እሑድ ነበር፣ መሥሪያ ቤቶች በሳምንት የሚገናኙት በአራት ቀን ብቻ ነበር። በ1995 መግቢያ መስመሩ ወደ ምሥራቅ እንዲዞር ተደረገ። አሁን ከላይን ደሴቶች አንዷ በሆነችው ኪሪቲማቲ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ገና በዋዜማው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከሃዋይ ጋር ሰዓታቸው እኩል ነው፣ ቀናቸው ግን በአንድ ይለያያል።

ጥያቄ፦ አሁን ቁርጡን ይንገሩን፤ እየሰጠሙ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ ባሕሩ እየጨመረ ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ደሴቶቹ ግን በድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሳህኖች አይደሉም፤ ሞገድ አሸዋ የሚያነሳባቸውና መልሶ የሚያስቀምጥባቸው ናቸው። በ2018 የታተመ ጥናት የቱቫሉን 101 ደሴቶች ከ1971 እስከ 2014 በአየርና በሳተላይት ፎቶ ሲለካ የየብሱ ስፋት በ2.9 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አንዳንዱ ጠበበ፣ ብዙው ሰፋ፣ ብዙው ቦታ ለወጠ።

ከዚህ ተነስቶ «ስጋት የለም» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። ስፋት ከፍታ አይደለም፤ የሰፋ ደሴት በየዓመቱ የሚጥለቀለቅ ሊሆን ይችላል። አሸዋውም የሚመጣው ከሕያው ኮራልና ከዚያ ቅርፊት ካላቸው ደቃቅ ፍጥረታት ነው። የባሕር ሙቀት ጨምሮ ኮራሉ ሲነጣ ጎተራው ይነጥፋል። ውኃውንና ባባዩንም አይተናል። እኔ የምሰጋው ደሴቱ ከካርታ ይጠፋል ብዬ ሳይሆን ደሴቱ እያለ ሰው ሊኖርበት የማይችልበት ቀን እንዳይመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በግንብ ማጠር አይቻልም?

መልስ፦ ቀጥ ያለ ግንብ ሞገዱን ወደ ኋላ ይመታዋል፤ የተመለሰው ሞገድ ከግንቡ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይወስድና ግንቡ ወደ ፊት ይወድቃል። ካልወደቀም ጫፉ ላይ ያለውን የጎረቤት ዳርቻ ይበላል። ታራዋ ላይ በሲሚንቶ ከረጢት የተሠሩ ግንቦች አብዛኞቹ የገጠማቸው ይህ ነው። ደሴቶቹን ለማገናኘት የተሠሩት የአፈር ድልድዮችም የላጉኑን መግቢያዎች ዘግተው የውኃውንና የአሸዋውን ጉዞ ቀየሩ። በ1987 የደቡብ ታራዋ ደሴቶች የሆኑት ቤቲዮና ባይሪኪ ከተገናኙ በኋላ በላጉኑ ውስጥ የነበረችው ቢከማን የምትባል ትንሽ ደሴት አሸዋዋ ተጠርጎ ጠፋች። ሊወልዱ ወደ ውቅያኖስ የሚወጡ ዓሦችም መንገዳቸው ተዘጋ።

የተሻለው መንገድ መሬቱን ራሱን ማንሳት ነው። ቱቫሉ በዋና ከተማዋ ፉናፉቲ ላይ ከላጉኑ አሸዋ ቀድታ 7 ሄክታር ያህል አዲስ ከፍ ያለ መሬት ሠርታለች። ማልዲቭስ ከ1997 ጀምሮ ሁልሁማሌ የምትባለውን ሰው ሠራሽ ደሴት የገነባችው በዚሁ መንገድ ነው። ገንዘቡ ብዙ ነው፣ አሸዋ የተቀዳበት ኮራልም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ጀልባቸው በአንድ ጎን ብቻ ተንሳፋፊ እንጨት ያለው ለምንድን ነው? አይገለበጥም?

መልስ፦ የኪሪባስ ጀልባ ተንሳፋፊው ሁልጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንዲሆን ነው የሚነዳው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋ ጀልባው ወደ ሌላው ጎን ሊያጋድል ይፈልጋል፤ የተንሳፋፊው ክብደት ይይዘዋል። ነፋስ ሲጠነክር ሰው ወደ ተንሳፋፊው ወጥቶ ይቀመጣል። አቅጣጫ መቀየር ሲያስፈልግ ጀልባው አይዞርም፤ ፊቱ ኋላው ይሆናል። ሸራው ይለቀቃል፣ የሸራው የታችኛው ማዕዘን ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ በሰው እጅ ወደ ሌላው ጫፍ ይወሰዳል፣ ምሰሶው ያጋድላል፣ መቅዘፊያ መሪው ወደ አዲሱ ኋላ ይሄዳል። የሠለጠነ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ይጨርሰዋል። አደጋው ነፋሱ በተሳሳተ ጎን ሲይዝ ነው፤ ሸራው ምሰሶው ላይ ይለጠፍና ምሰሶውን ይጥለዋል። ሳንቃዎቹ በምስማር አይመቱም፤ ተበስተው በኮኮነት ገመድ ይሰፋሉ። ገመዱ ለመሥራት ልጡ ላጉን ውስጥ ለወራት ይቀበራል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያ ጭን ላይ ይፈተላል።

ጥያቄ፦ የታራዋ ጦርነት ለምን ያን ያህል ሰው ፈጀ?

መልስ፦ በሞላና ጎደል ስሌት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ጃፓን ይዛት በነበረችው ቤቲዮ ላይ ኅዳር 20 ቀን 1943 ሲወርዱ ጨረቃ ሩብ ላይ ሆና ከምድር በምትርቅበት ጊዜ ነበር፤ ባሕሩ የሚጠበቀውን ያህል አልሞላም። የወታደር ማጓጓዣ ጀልባዎቹ ቢያንስ 1.2 ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋሉ፣ በኮራሉ ላይ የነበረው ከዚያ ያነሰ ነው። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ተቀረቀሩ፣ ወታደሮቹ ብዙ መቶ ሜትር ደረት ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ በመትረየስ ፊት ተራመዱ። በ76 ሰዓት ውስጥ 1,000 ያህል አሜሪካውያን ሞቱ። ከ4,800 ያህሉ የጃፓን ጦርና ኮሪያውያን ሠራተኞች በሕይወት የተያዙት 146 ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባናባ የሚባለው ደሴት ታሪክ ምንድን ነው?

መልስ፦ ባናባ ከሌሎቹ የተለየች ናት፤ ከባሕር 80 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የኮራል ድንጋይ። ስለዚህ ምስሩ የላትም፤ ውኃ የሚገኘው ከመሬት ሥር ካሉ ዋሻዎች ሲሆን ወደዚያ ወርደው የሚቀዱት ሴቶች ብቻ ነበሩ። በ1900 የአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው አልበርት ኤሊስ ፎስፌት የሚባለውን የማዳበሪያ ማዕድን አገኘባት፤ ከዚያ እስከ 1979 አፈሯ ተቆፍሮ የአውስትራሊያንና የኒውዚላንድን እርሻ አዳበረ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1945፣ ነዋሪዎቿ ፊጂ ውስጥ ወዳለች ራቢ የምትባል ደሴት ተወሰዱ፤ ራቢ የተገዛችውም በራሳቸው የፎስፌት ገንዘብ ነበር። ባናባውያን በ1970ዎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱ። ዳኛው ደሴቷን በአካል ሄደው አዩ፣ መንግሥት ላይ የሞራል ጥፋት እንዳለ ተናገሩ፣ በሕግ ግን ግዴታ የለበትም ብለው ወሰኑ። ዛሬ ባናባ ላይ የሚኖሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ስለ ቅኝ ግዛት ሲነሳ ይህች ደሴት መረሳት የለባትም።

ጥያቄ፦ መንደር ውስጥ እንግዳ ሆኜ ብሄድ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ወደ ማኔያባ፣ ወደ መንደሩ ትልቅ መሰብሰቢያ ቤት ይወስዱዎታል። ጣራው በጣም ሰፊና ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። ጫማ ያውልቁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መቀመጫ ስላለው ባገኙት ቦታ አይቀመጡ፤ እስኪያሳዩዎት ይቁሙ። እግር አጣጥፈው ይቀመጡ፣ ወደ ሰው አይዘርጉ። በሽማግሌዎች ፊት ሲያልፉ ጎንበስ ይበሉ። ምግብ ሲቀርብ እንግዳ ነው ቀድሞ የሚያነሳው፤ እርስዎ ካልጀመሩ ሁሉም ይጠብቃል። ንግግር እንዲያደርጉ መጠየቅዎ አይቀርም፤ አጭር ምስጋና ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ አገሪቱ በምን ትተዳደራለች?

መልስ፦ በዋናነት በቱና ፈቃድ። በ1982 ናኡሩ ላይ በተፈረመው ስምምነት የታቀፉ ስምንት አገሮች ተባብረው የውጭ መርከቦችን በቀን ሒሳብ ያስከፍላሉ፤ ዝቅተኛው ዋጋ ለአንድ የማጥመጃ ቀን 8,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። ተባብረው ባይቆሙ ኖሮ አንዱን በሌላው እያስፈራሩ በርካሽ ይወስዱባቸው ነበር። የላ ኒና ተቃራኒ የሆነው ኤል ኒኞ ሲመጣ ቱናው ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ኪሪባስ የበለጠ ታገኛለች። ሌላው ከፎስፌት ገቢ በ1956 የተቋቋመው የመጠባበቂያ ፈንድ ነው።

ጥያቄ፦ መሬቱ ለኑሮ ባይሆን አገርነታቸው ይቀራል?

መልስ፦ ሕጉ ወደ እነሱ እየመጣ ነው። የፓስፊክ መሪዎች በ2021 የባሕር ክልላቸው የባሕር ከፍታ ቢጨምርም እንደማይቀነስ አወጁ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሰጠው አስተያየትም አንድ አገር ከተመሠረተ በኋላ ከመሥፈርቶቹ አንዱ ቢጠፋ የግድ አገርነቱን አያጣም ብሏል። ኪሪባስ በ2014 ፊጂ ውስጥ 22 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ገዝታለች። ቱቫሉ ከአውስትራሊያ ጋር ባደረገችው ስምምነት በዓመት እስከ 280 ሰዎች ሄደው መኖር ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። ማልዲቭስም እንዲሁ ናት? ሆቴል ብቻ ነው የማየው።

መልስ፦ መሬቷ ያው ነው፤ 1,200 ያህል ደሴቶች፣ ውኃዋም ያው ምስር። ዛሬ በአብዛኛው የባሕር ውኃ አጣርታ ነው የምትጠጣው፤ ለዚህ ነዳጅና ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ቱሪዝሙ ይከፍልላታል፣ ኪሪባስ ግን ያን አቅም የላትም። ታሪኳ ረጅም ነው፤ በ1153 እስልምናን ተቀበለች፣ ኢብን ባቱታ በ1340ዎቹ ዳኛ ሆኖ ሠርቶባታል። በአፍሪካና በቤንጋል ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው ትንሹ ነጭ ዛጎል በብዛት የሚለቀመው ከእሷ ላጉኖች ነበር።

ጥያቄ፦ የስምንተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። የምስሩን ነገር ለተማሪዎች እንዴት ላሳያቸው?

መልስ፦ ጎኑ የሚያሳይ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ይፈልጉ። የታጠበ መካከለኛ አሸዋ በመሃሉ እንደ ጉብታ ከምረው አንዱን ጎን መስታወቱ ላይ ያስጠጉት። በ1 ሊትር ውኃ 35 ግራም ጨው በጥብጠው፣ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምረው ከዳር ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ የአሸዋው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከላይ ይቅር። ከዚያ ቀለም የሌለው ንጹሕ ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ጉብታው ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል ይርጩ። በመስታወቱ በኩል ቀዩ ወደ ታች ሲገፋ ነጩ ሆድ ሲያወጣ ይታያል። አሁን መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከነቀጭን ቱቦው መሃሉ ላይ አጥልቀው ጠንክረው ይሳቡ፤ ቀዩ እንደ ሾጣጣ ተነስቶ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛውን ጊዜ ቱቦውን ከላይ ብቻ አድርገው በዝግታ ይሳቡና ያወዳድሩላቸው። ንጹሑን ውኃ ከጆግ ካፈሰሱት ሁሉም ይደባለቃል፤ ጠጠር ከተጠቀሙም አይሆንም፣ በጣም የላመ አሸዋ ደግሞ የክፍለ ጊዜው ደወል እስኪደወል አያሳይም።